ኮምፒውተራችን ዳጉ የተጠየቀበት እሑድ

ዛሬ ጠዋት እዚህ ሰመራ፣ በምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ፕሮሰሰሩ እንዲቀየርለት የመጣ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ጎኑን ስከፍተው፣ ስንት ዓመት ሙሉ ብረቱ ላይ የተጋገረ አቧራ ከጋለ ፕላስቲክ ሽታ ጋር ተደባልቆ ፊቴን መታኝ። ይህን ሽታ የደጋ ኮምፒውተር አያውቀውም። የደጋው አቧራ ቢበዛ ያስነጥሳል፤ የኛ የቆላው ግን እንደ ሽምብራ የተቆላ ነው፣ በአፍንጫ ገብቶ ጥርስ ላይ ይቀመጣል። የሥራ ባልደረቦቼ አፍንጫቸውን ይዘው ከክፍሉ ሲወጡ እኔ ጎንበስ ብዬ ደግሜ ሳብኩት። ሰው የልጅነቱን ቤት በአበባ ሽታ ያስታውስ ይሆናል፤ እኔ የማስታውሰው በዚህ ነው፣ ምን ላድርግ።

ያደግሁት አዋሽ ነው። ቤታችን በአንድ በኩል የባቡሩ፣ በሌላ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ የከባድ መኪናዎች ጡሩምባ የሚሰማበት ቤት ነበር። አባቴ መምህር ነው፤ አፋምቦ ተመድቦ ስለነበር በዓመት ሁለቴ፣ ሲበዛ ሦስቴ ነበር የምናየው። እናቴ ዘነበች ከሸዋ ይዛው የመጣችው ሙያ የመኪና ጽሕፈት ነው፤ ታይፕራይተሯን እንደ ሕፃን ታቅፋ ከባቡር ስትወርድ ያዩ ሰዎች እስከ ብዙ ዘመን ይስቁባት ነበር። በኋላ ጊዜው መለወጡን አየችና ታይፕራይተሯን ሸጣ፣ ሌላ ሰው የተገለገለበት አንድ ኮምፒውተርና ሲያትም እንደ ወፍጮ የሚጮህ አንድ ፕሪንተር ገዛች፤ የመንገድ ዳሩን ክፍል አጽድታም የጽሕፈት ቤት ከፈተች። ኮምፒውተሩ ዳንቴል ለብሶ ነበር የሚያድረው። ቬንትሌተሩም የሱ ነበር፤ እኔና እሷ በላብ ስንጠመቅ ቬንትሌተሩ ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ ይውላል። አንድ ቀን ተናድጄ፣ ከኔና ከሱ ማንን ትወጃለሽ ብዬ ጠየቅኋት። "እሱ አፍ አይመልስልኝም" አለችኝ።

ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ኮምፒውተር አዋቂ ነኝ ብዬ ራሴን የሾምኩትም ያኔ ነው። ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የተማርነው በጠመኔ ነበር። መምህራችን ሰሌዳው ላይ ኪቦርዱን ይሥላሉ፣ ማውሱን ከነጭራው ይሥላሉ፣ "ሁለት ጊዜ ተጫኑ" ሲሉን እኛም በጣታችን ደብተራችንን ሁለት ጊዜ እንጫናለን። ከክፍሉ ልጆች እውነተኛው ነገር ቤቷ ያለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ኩራቴ ልክ አልነበረውም። አንድ መንገደኛ መኪና ውስጥ የረሳው የኮምፒውተር ጥገና መጽሐፍ እጄ ገብቶ፣ ግማሹ ገጽ በሞተር ዘይት ጠቁሮ፣ የተረፈውን ግማሽ በቃሌ ይዤው ነበር። ማሽናችን አዝጋሚ ነበር፤ ጽሑፉ በረዘመ ቁጥር እናቴ ጽፋ ትጨርስና እጇን አጣጥፋ ፊደሉ ስክሪኑ ላይ እስኪደርስ ትጠብቃለች። በኔ አስተያየት ለዚህ ያለው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ፕሮሰሰሩን መቀየር።

መጽሐፉን የሰጠኝ ጎረቤታችን ጋሽ እንድሪስ ነው። የወሎ ሰው ነው፣ የከባድ መኪና ኤሌክትሪሻን፤ ካቻቢቴው ከጆሮው ኋላ፣ የሽቦ መጠቅለያው ጥቁር ናስትሮ ደግሞ እንደ አምባር ከእጁ አይለይም። ከጅቡቲ የሚመለሱ ሾፌሮች መብራቱ የጠፋበትን፣ ጡሩምባው የታፈነበትን መኪና እሱ ዘንድ ያቆማሉ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሽቦ ይለያል ይባልለት ነበር። ለመለዋወጫ ናዝሬት ሲሄድ የማሽናችንን ዓይነት በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት፤ እናቴም "እስቲ ጠይቅልን" ብላው ነበርና፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት የክብሪት ቀፎ የምታህል ሣጥን ይዞ ከተፍ አለ። "ሻጩ ምሎ ነው የነገረኝ። ካሁኑ እጥፍ ይሮጣል፣ መብራት ግን አይበላም" አለ። እናቴ ሣጥኑን ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችና፣ የአቶ ሑመድ ወረቀት ሳይወጣ ማንም እንዳይነካው ብላ ወደ እኔ አየች።

ሑመድ ያዮ ከአዋሽ አርባ ወደ ውስጥ የሚገባ የአንድ መንደር ሽማግሌ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ መፋቂያ ከአፉ የማይለይ አፋር። የመንደሩ የውኃ ጉድጓድ ሞተር ከቆመ ሁለት በጋ አልፎት፣ ሴቶቹ ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ነበር ውኃ ይዘው የሚመለሱት። ሰመራ ውኃ ቢሮ ድረስ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል። መጀመሪያ ማመልከቻ አምጣ አሉት፤ ቀጥሎ በእጅ የተጻፈ የስም ዝርዝር አንቀበልም፣ የአባወራው ስምና የቤተሰቡ ብዛት በኮምፒውተር ተጽፎ ማክሰኞ ጠዋት ይቅረብ፣ ከዚያ ወዲያ በጀቱ ይዘጋል አሉት። ከሦስት መቶ በላይ ስም ነው። ሳምንት ሙሉ እየመጣ፣ አንዲት ወረቀት ሳይዝ፣ ሁሉንም በቃሉ ከነአያታቸው ለእናቴ ጠራላት፤ እሷም ጻፈች። ዓርብ ማታ የመጨረሻው ስም ገባ። ሽማግሌዎቹ ሰኞ ማለዳ የሚሳፈሩበት መኪና ተይዟል። የቀረው ማተም ብቻ ሆኖ ሳለ የፕሪንተሩ ወረቀት ስላለቀ፣ ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ወረቀት ልትገዛ መተሐራ ሄደች።

እኔ ያሰብኩት ደግ ነገር ነበር። ስትመለስ ማሽኑ ሲጋልብ ልታገኘው፣ ያን ሁሉ ስም በአንድ ትንፋሽ ሊያትምላት፣ እሷም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ "የኔ ጉድ!" ልትለኝ። ሮጬ ጋሽ እንድሪስን ጠራሁት። ደጃፉ ላይ ቆም አለና "እታለም ፈቅዳለች?" አለኝ፤ እናቴን እንደ አገሩ ሰው እታለም ነበር የሚላት።

"ፈቅዳለች" አልኩት። ውሸቱ ከአፌ ሲወጣ ምንም አላደናቀፈውም።

ሥራውን ተካፈልነው። እሱ እጄን የሚከለክሉኝን ሽቦዎች ነቀለልኝ፣ እኔ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አሮጌውን ፕሮሰሰር አንስቼ አዲሱን አስቀመጥኩ። ከላዩ የሚቀባው ነጭ ቅባት ያነሰ ሲመስለው "ግራሶ ልጨምርበት?" ብሎ ቆርቆሮውን ሊያመጣ ሲነሣ፣ የመኪና ጎማ አይደለም ብዬ እንደ ትልቅ ሰው ተቆጣሁት፤ እሱም እንደ ልጅ ተቀመጠ። ቅባቱ ክፉ ነው፣ ከነካ አይለቅም፤ ጣቶቼን በሳሙና ልታጠብ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ ሽቦዎቹን መልሶ ጨርሷል። "ሁሉም ገብቷል፣ አብሽሪ" አለኝ። ቁልፉን ስጫን ፋኖቹ ተነሥተው ዞሩ፣ ልቤም አብሮ ዞረ። ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ፤ ታች ያለችው ብርቱካናማ መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች።

"አዲስ ቤት ገብቶ ነው፣ ይልመድ" አለ ጋሽ እንድሪስ። እንዲለምድ ጠበቅነው። አልለመደም። ራም የሚሉትን የማስታወሻ ካርድ አውጥቼ ወርቅማውን ጠርዝ በላጲስ ፈተግሁት፣ መለስኩት፣ ያው ነው። ሳንቲም የመሰለችውን ባትሪ አውጥቼ እስከ መቶ ቆጥሬ መለስኳት፣ ያው ነው። በመጨረሻ አዲሱን አውጥቼ አሮጌውን ፕሮሰሰር ወደ ቦታው መለስኩ፤ እንግዳው ከወጣ ቤቱ ሰላም ይሆናል ብለን ነበር። አሮጌውም እምቢ አለ። ያኔ ሁለታችንም ተያየን። መጽሐፉ እንዲህ ያለ ጊዜ ምን እንደሚደረግ ጽፎ ይሆናል፤ ያ ገጽ ግን ዘይት ከጠጡት አንዱ ነበር። "ወላሂ ሰናይት፣ ይሄ ነገር ተቃጥሏል" አለና ላቡን ጠረገ።

እናቴ የወረቀቱን እሽግ ታቅፋ ገብታ የተበተነውን ዕቃ ስታይ አልጮኸችም። ብትጮህ፣ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበሯ ላይ ቁጭ አለችና "ሰውየውን ምን ልለው ነው?" አለች፤ ይቺን ብቻ። በከተማው የነበረው ሌላው የጽሕፈት ቤት ባለቤቱ ድሬዳዋ ለሠርግ ሄዶ ተዘግቷል፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሰንበት ነው፣ ታይፕራይተሯ ተሽጣለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጋሽ እንድሪስ እሷ የፈቀደችው ስለመሰለው ይቅርታ ሳይጠይቅ ወደ ቤቱ ሄደ፤ እሷ ደግሞ በራሱ ደፍሮ የነካባት ስለመሰላት ሰላምታ ነሣችው። ስንት ዓመት ሽሮ በጎድጓዳ ሲቀባበል የኖረ ጎረቤት በኔ አንድ ቃል ተኳረፈ። አውቄዋለሁ። ዝም አልኩ።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሑመድ ያዮ መጣ። አመጣጡ እንደ ወትሮው ነው፤ ጫማውን ደጃፍ ላይ አወለቀ፣ እጃችንን በተራ ጨበጠ፣ ወረቀቱ የት አለ ግን አላለም። አፋር እንዲያ አይጀምርም። ሁለት ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ ዳጉ ነው፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ተባብሎ የመንገዱ፣ የዝናቡ፣ የግጦሹ፣ የሰዉ ወሬ ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለዋወጣል። ያየኸውን አየሁ ትላለህ፣ የሰማኸውን ከእገሌ ሰማሁ ትላለህ፤ አትጨምርም፣ አትቀንስም። በዳጉ የዋሸ ሰው ከዚያ በኋላ ቃሉን የሚቀበለው የለም። እናቴ ይህን ሁሉ ብታውቅም ሰላምታው እስኪያልቅ መጠበቅ አቃታት። "ማሽኑ ሞተ፣ አቶ ሑመድ" አለችው።

ፊቱ ላይ የሦስት መቶ ቤት ጥማት ሲያልፍ አየሁ። ሆኖም አልተነሣም። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ፣ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

"ሲሞት አጠገቡ ማን ነበር?" አለ።

እናቴ እኔን አሳየችው። ጋሽ እንድሪስም እንዲጠራ አዘዘ፤ መጥቶ በሩ ሥር ቆመ፣ እናቴ ፊቷን አዞረች። ሽማግሌው ምንጣፉን መታ መታ አድርጎ ፊት ለፊቱ እንድቀመጥ አደረገኝና "ዳጉ ስጪኝ" አለኝ።

ቁልፉን ከተጫንኩበት ልጀምር ስል በመፋቂያው አስቆመኝ። "ከዚያ አይደለም። ከመጀመሪያው። ዕቃው ከየት መጣ?" አለ። እንደገና ከዓርብ ጀመርኩ። ከናዝሬት እንደመጣ፣ በምን ሣጥን እንደነበር፣ እናቴ የት እንዳስቀመጠችው ነገርኩት። አላጣደፈኝም፤ አንዳንዴ ብቻ "አየሽ?" ወይም "ሰማሽ?" ይላል። ዕቃው መብራት አይበላም ስል "አየሽ?" አለኝ፤ የለም፣ ሻጩ ለጋሽ እንድሪስ ነገረው፣ ጋሽ እንድሪስ ለኔ ነገረኝ አልኩ። ራሱን ነቀነቀ። በሕይወቴ እንደዚያ ተደምጬ አላውቅም ነበር፤ ትልቅ ሰው እያንዳንዷን ቃሌን እንደ ግመል መንጋ ቆጥሮ ሲቀበለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ደጃፉ ላይ ደረስኩ፤ ጋሽ እንድሪስ ቆሞ እታለም ፈቅዳለች ወይ ካለኝ ቦታ። ዘልዬው ለማለፍ አሰብኩ፤ ያቺን አንዲት ቃል ብተዋት ማን ያውቃል? ግን ሽማግሌው ይጠብቃል፣ ከኔ ዳጉ ወዲያ የሚያልፍበት ሌላ በር የለውም፤ መንደሩም የለውም። "ፈቅዳለች አልኩት። አልፈቀደችም ነበር" አልኩና ማልቀስ ጀመርኩ። እናቴ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ጋሽ እንድሪስ መለሰች፤ እሱ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ሑመድ አልገሠጸኝም፣ አላባበለኝምም። "ቀጥዪ" አለኝ።

እያለቀስኩ ቀጠልኩ። ሽቦ መንቀሉን፣ ግራሶውን፣ ነጩን ቅባት፣ ጓሮ ወጥቼ መታጠቤን ነገርኩት። "ስመለስ ሽቦዎቹ ሁሉ ገብተዋል" አልኩ።

"አየሽ?"

ከቅዳሜ ጀምሮ የማሽኑን ሆድ አሥር ጊዜ ከፍቼ አሥር ጊዜ ዘግቼዋለሁ፤ ራም አይቻለሁ፣ ባትሪ አይቻለሁ፣ ሽቦዎቹን ግን አንድ ጊዜም አላየሁም። ገብተዋል ተብያለሁና። "ሰማሁ" አልኩት።

ሽማግሌው ወደ በሩ ዞረ። ጋሽ እንድሪስ ክብሩ ተነክቶ ነበር። "እኔ በገዛ እጄ ነው የመለስኳቸው፣ ወላሂ አንድም አልቀረ!" አለ። ቀጥሎ ግን፣ በዳጉ ፊት መቆሙ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ትርፏን ብቻ ናስትሮ አድርጌ ወደ ኋላ አሰርኳት" አለ።

ትርፏ! ኮምፒውተር ውስጥ ትርፍ የሚባል ነገር መኖሩን መጽሐፌ አልነገረኝም። ተነሥቼ የእጅ ባትሪ አብርቼ የማሽኑን ጎን ከፈትኩ። ጋሽ እንድሪስ ከኋላዬ ሆኖ ይናገራል፤ ሁለት ቢጫ ሁለት ጥቁር ሽቦ ያላት አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ሶኬት እንደነበረች፣ ትልቁ ሶኬት ውስጥ ግን ቢጫውም ጥቁሩም ቀድሞ እንዳለ፣ መኪና ላይ አንድ ቀለም አንድ መስመር እንደሆነ፣ አዲሱ ዕቃ መብራት አይበላም ከተባለ በሁለት መስመር ቢሰጡት እንደሚቃጠል። ለአዲሱ አዝኖለት ነው። ብረት ነክታ ኮንታክት እንዳትፈጥርም ሦስት ዙር በናስትሮ ጠቅልሎ፣ ከሌሎቹ ሽቦዎች ጀርባ ቋጥሮ ደበቃት። እንደዚያ ያማረ አጠቃለል እስከ ዛሬ አላየሁም። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ደግሞ አራት ቀዳዳ ያለው ባዶ ቦታ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ትልቁ ሶኬት ለቤቱ ሁሉ ነው፤ ለፕሮሰሰሩ ለብቻው የሚመጣው መብራት በዚያች በትንሿ ነው። አሮጌውም አዲሱም እምቢ ያሉት ጉርሻቸው በናስትሮ ታስሮ ነው።

ናስትሮውን በጥርሴ ፈታሁት። ሶኬቷን ስገፋት "ቀጭ" ብላ ገባች። ውስጥ ያለው ያኔ አሮጌው ፕሮሰሰር ነው። እናቴ ከኋላዬ "እመብርሃን" ስትል፣ ጋሽ እንድሪስ "ቢስሚላህ" ሲል፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ፋኖቹ ዞሩ፤ እነሱስ መች እምቢ አሉ። ከዚያ ብርቱካናማዋ መብራት አረንጓዴ ሆነች፣ ማሽኑ አንዲት ጊዜ ጢጥ አለ፣ ስክሪኑ ላይ ነጭ ጽሑፍ ከላይ ወደ ታች ፈሰሰ። ባትሪውን ስላወጣሁበት ቀኑ ጠፍቶት፣ ገና ሳልወለድ ያለ ዘመን ላይ ነኝ ብሎ ይጠይቀኛል፤ ይሁንልህ ብዬ አንድ ቁልፍ ተጫንኩና አሳለፍኩት። እልልታው ከእናቴ ወጣ። እናቴን በሠርግ ላይ እንኳ እልል ስትል አይቻት አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ባቡር ጣቢያ ያሉት እስኪሰሙ አቀለጠችው። ጋሽ እንድሪስ ራሱን ይዞ ይስቃል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ደግሞ ይስቃል። ሑመድ ያዮ ከምንጣፉ ሳይነሣ መፋቂያውን አፉ ውስጥ መለሰ።

ዝርዝሩ እንዳለ ነበር፤ አንድም ስም አልጎደለም። ፕሪንተሩ መጮህ ጀመረ፣ እኔም እየወጣ ያለውን ገጽ እየተቀበልኩ ስሙን በየተራ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ እሱ በያንዳንዱ ስም ዓይኑን እየጨፈነ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሰዎቹ አንድ በአንድ በፊቱ የሚያልፉ ይመስል። ከመካከል አንዱ ላይ እጁን አነሣ። የዚህ ሰው ሚስት ትናንት ወልዳለች፣ ቤተሰቡ ስድስት ሆኗል አለ። እናቴ አምስቱን ስድስት አደረገች፣ ያ ገጽ እንደገና ታተመ። ለከተማ ሰው እንኳ እንደዚያ አክብራ ሥራ ስትሠራ አይቻት አላውቅም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወረቀቱ ሁሉ ተደርድሮ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሽማግሌው ብብት ሥር ገባ። ሊወጣ ሲል እጄን ያዘኝና "ዳጉሽ ሙሉ ነው" አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ስንት የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ፣ ያን የሚያህል የለም።

እናቴ በሩን ዘግታ ወደ መሳቢያው ሄደች። ስለ ውሸቱ አሁን ይመጣል ብዬ ጆሮዬን አዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ግን የክብሪት ቀፎ የምታህለውን ሣጥን አውጥታ እጄ ላይ አደረገችልኝ። "ወረቀቱ ወጥቷል። አሁን አስገቢው፤ ሽቦውን ግን ራስሽ አይተሽ" አለች። አስገባሁት። ጋሽ እንድሪስ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አየ። ማሽኑ ተነሣ፤ እናቴ ለመሞከር የራሷን ስም ጻፈች፣ ፊደሉም ጣቷን እየቀደመ የሚመጣ እስኪመስል ሮጠ። ስለ ውሸቱ የመጣብኝ ሰኞ ነው፤ ያን ለራሴ ልያዘው።

ሑመድ ከሳምንት በኋላ ብቅ ብሎ ነበር። ዳጉውን በወጉ ሰጠን፤ ወረቀቱን ተቀበሉ፣ ማኅተም መቱበት፣ ማኅተሙን አየሁ፤ ሞተሩን ይዘው ይመጣሉ የሚለውን ግን ሰማሁ እንጂ አላየሁም አለ። በዚያው ክረምት አባቴ ወደ ናዝሬት ተዛወረና እኛም ዕቃችንን ጭነን ተከተልነው። ውኃው መድረስ አለመድረሱን ሳላውቅ አደግሁ።

ብዙ ነገር ሄዷል። ከቤታችን ጓሮ የሚሰማው ያ የድሮው ባቡር ዝም ብሏል። ጋሽ እንድሪስ ወደ አገሩ ገብቷል፤ ዛሬ መኪናው ሁሉ ኮምፒውተር ሆኗል፣ አንድ ቀለም አንድ መስመር የሚባለው ሕግ አይሠራም ብሎ በስልክ ያማርረኛል። ሑመድ ያዮ ማረፉን ሰማሁ። እኔ ኮምፒውተር ተምሬ፣ ዞሬ ዞሬ እዚሁ አፋር ሥራ ያዝኩ፤ በቀን ስንት ሰው ደውሎ "እምቢ አለ" ይለኝና ስልኩን ይዘጋል። ማን አጠገቡ እንደነበር፣ ከዚያ በፊት ምን እንደተነካ የሚነግረኝ የለም፤ ወሬ በስልክ ከዓይን ጥቅሻ ፈጥኖ ይመጣል፣ ማን እንዳየው ማን እንደሰማው ግን አይታወቅም። አንድ ሙሉ ከሰዓት፣ የራሱ መንደር ውኃ እየጠፋበት፣ ቁጭ ብሎ አንዲት ዋሾ ልጅ የሚያዳምጥ ሰው ዛሬ ከየት ይመጣል? ይሄ ነው የጎደለብኝ። እኔ የምችለውን አደርጋለሁ፤ የተበላሸ ኮምፒውተር ያመጣልኝን ሰው መጀመሪያ አስቀምጬ ከሥር ከመሠረቱ አስወራዋለሁ። ባልደረቦቼ "ሰናይት ኮምፒውተሩን ከመክፈቷ በፊት ሰውየውን ትከፍታለች" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ የማላስነሣው ማሽን ጥቂት ነው።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ሰርዶ ወርጄ፣ መኪና እስኪመጣ አንድ ሻይ ቤት ዳስ ሥር ተቀምጬ ሳለ፣ አጠገቤ የነበረ ጎልማሳ አፋር እንደ ወጉ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ከሰመራ፣ ልጅነቴ ግን አዋሽ ነው አልኩት። አዋሽ ሲሰማ ተስተካክሎ ተቀመጠ። አዋሽ አንዲት የጸሐፊ ልጅ ነበረች ብሎ ጀመረ። ጓሮ ወጥታ መታጠቧን፣ ሁለቱን ቢጫ ሁለቱን ጥቁር ሽቦ፣ ሦስቱን ዙር ናስትሮ፣ የተወለደውን ስድስተኛ ሰው፣ "ፈቅዳለች" ያለችውን ውሸት፣ ማልቀሷንም ሳይቀር፣ አንዲት ቃል ሳይጨምርብኝ አንዲት ቃል ሳይቀንስልኝ ነገረኝ። አጎቱ ከሑመድ ያዮ ሰምቶ፣ እሱ ከአጎቱ ሰምቶ ነው። ልጅቷ እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ይልቅ ስንት ዓመት ሙሉ የሚጠይቁትን ሰው ያጣሁለትን ጥያቄ ጠየቅሁት።

"ውኃውስ? መጣ ይላሉ?"

ሰውየው እንደ ማዘን ብሎ አየኝ፤ ይህን የሚያህል ነገር 'ይላሉ' ተብሎ የሚጠየቅ ነው ወይ እንደማለት።

"የልጅቷን ሰምቼ ነው" አለኝ። "ውኃውን ግን ጠጥቻለሁ።"